የገላ መታጠቢያ ውኃን ስለ ማሞቅ

በቡልቡላ ቤት ሠርተው ቧንቧ ያስገቡ ሰዎች ምን ዓይነት የውኃ ማሞቂያ እንደሚሻላቸው ለማወቅ ይሻሉ። እኛ ግን ከማሞቂያው ዋጋ አስቀድመን ስለ ውኃው ራሱ መናገር ይገባናል።

የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያመለከተው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ጕድጓዶች አሉ። የሕፃናትን ጥርስ የሚያበልዘው፣ ከብዙ ዘመንም በኋላ አጥንትን የሚያጎብጠው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ውኃ ከፈላ ዘንድ ፈጽሞ የጠራ ይመስለዋል። መፍላት ተውሳክን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም አንድ ሊትር ፈልቶ ግማሽ ቢቀር ብርታቱ እጥፍ ይሆናል። ለገላ መታጠቢያ ግን ይህ ውኃ አይጎዳም። ስለዚህ ከማሞቂያው ለቡናም ለሻይም አይቀዳ፤ የመጠጡ ውኃ ተመርምሮ ፍሎራይዱ ካነሰበት ስፍራ ይምጣ፣ ወይም በአጥንት ከሰል ማጣሪያ ይጣራ።

በከሰል ማሞቅን አንመክርም። ምድጃውን ወደ ተዘጋ መታጠቢያ ክፍል ያስገባ ሰው፣ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም ስለሌለው፣ ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይሞታል። የአቢያታና የሻላ ግራር በከሰል ምክንያት መመናመኑም የታወቀ ነው። የኤሌክትሪክ ቦይለር ምቹ ነው፤ ይሁን እንጂ 50 ሊትር ውኃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የመሬት ሽቦ በሌለው ቤትም እርጥብ ገላን ለአደጋ ያጋልጣል።

እኛ የምንመርጠው ፀሐይን ነው። አቅም ያለው በመስተዋት የተሸፈነውን የፀሐይ ማሞቂያ ያስተክል፤ የሌለውም ጥቁር ቀለም የተቀባ በርሜል ይበቃዋል። በርሜሉ በጽኑ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ 200 ሊትር ውኃ 200 ኪሎ ስለሚመዝን የቆርቆሮ ጣራ አይሸከመውም። ትንኝ እንዳትራባበት ይከደን። በአትክልት እርሻ አካባቢ በርካሽ የሚሸጠው፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ግን አሥር ጊዜ ቢታጠብም አይሁን። ለብ ያለ ውኃ ብዙ ቀን ሲተኛ ሳንባን የሚያሳምም ሌጅዮኔላ የተባለ ተውሳክ ሊራባበት ስለሚችል፣ የበርሜሉ ውኃ ሳይከርም ይለወጥ። የፀሐይ ማሞቂያውና የቦይለሩ ውኃ ደግሞ 60 ዲግሪ ሲደርስ የሕፃንን ቆዳ በጥቂት ሴኮንድ ይልጣል፤ እናቲቱ አስቀድማ ቀዝቃዛውን በባልዲ ታድርግ፣ ሙቁን በላዩ ትጨምር፣ ከዚያም ሕፃኑን ሳትነክር በክርንዋ ትፈትነው።