የሪፑይ በዒሱቅ ባለሙያ በትንሽ ከተማ ስትታጣ

ጋኔኔቷ ወላጆችን ጠርታ «ልጁ ሪፑይ በዒሱቅ ያስፈልገዋል» ስትል ብዙዎቻችን ግራ ይገባናል። «ዒሱቅ» ሥራ አይደል እንዴ? አንዲት እናት «ገና የ4 ዓመት ልጅ፣ ምን ሥራ ሊፈለግለት ነው!» ብላ አስቃናለች። ነገሩ ከሥራ ፍለጋ ጋር አይገናኝም። ባለሙያዋ ልጁ በዕለት ኑሮው የሚያደርገውን ትመለከታለች፦ እርሳስ አያያዙን፣ በመቀስ አቆራረጡን፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፉን፣ ረግቶ መቀመጡን። የጎደለውን በጨዋታ እያለማመደች ታግዘዋለች። ስትሮክ የመታቸው አረጋውያንም ልብስ መልበስና ገላ መታጠብ እንደገና የሚለማመዱት በዚሁ ሙያ ነው። የልጁ ችግር ስንፍና ወይም እልከኝነት ስላልሆነ ቁጣ አያስተካክለውም።

አስቸጋሪው ባለሙያዋን ማግኘት ነው። በትንሽ ከተማ ቁፓት ሖሊሙ ያለችው አንዲት ባለሙያ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ እሷም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትመጣ ይሆናል። ጸሐፊዋ «ቶር የለም፣ እንደውላለን» ትላለች። እኛም በጨዋነት ስልክ እየጠበቅን ወራት ያልፋሉ፣ ልጁ ኪታ አሌፍ ይገባል። በሳል ሀብሪኡት ያለው የልጆች እድገት ሕክምና ደግሞ ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው፤ ልጁ ባደገ ቁጥር መብቱ ይጠብባል። እዚህ ላይ ዝምታ ልጁን ይጎዳል።

ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የመንግሥት ጤና መድን ሕግ፣ አገልግሎቱ በተገቢ ጥራት፣ በተገቢ ጊዜና ከመኖሪያ በተገቢ ርቀት እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ «የለም» የመጨረሻ መልስ አይደለም። ከልጆች ሐኪሙ ሀፍናያ ተቀበሉ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቀን ይኑረው፣ ኮፒው እቤት ይቀመጥ። በአጎራባች ከተማ ቶር መኖሩን ጠይቁ፤ ሌላ ሰው ቶሩን ሲሰርዝ እንዲደውሉላችሁም አስመዝግቡ። ያም ካልሆነ ወደ ግል ባለሙያ ብትሄዱ ሄሕዜር ታገኙ እንደሆነ ጠይቁ። ፈቃዱን ግን ሳትከፍሉ በፊት በጽሑፍ ያዙ። «ክፈሉ፣ በኋላ ይመለስላችኋል» የሚለውን ቃል አምኖ ከከፈሉ በኋላ ክርክሩ ከባድ ነው።

የግል ባለሙያ ስትመርጡ ፈቃዷን ለማየት መጠየቅ ነውር የለውም። በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት በዚህ ሙያ ለመሥራት የጤና ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምርመራ ለብቻው ይከፈልበት እንደሆነ፣ ከቀረን ደግሞ ምን እንደምታስከፍል አስቀድማችሁ እወቁ።

መንገዱ ሩቅ ሆኖ በየሁለት ሳምንቱ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ባለሙያዋን «እቤት ምን እናሠራው?» በሏት። ብዙ ጊዜ የምትነግራችሁ ነገር ወጥ ቤታችሁ ውስጥ አለ፦ ሊጥ ማሸት፣ ምስር መልቀም፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት። አያቶች ለዚህ ከማንም ይበልጣሉ፤ ትዕግሥቱም ጊዜውም አላቸው።

ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ ስለ ወንድሟ የሚነገረውን ሁሉ መስማት የለባትም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ትርጉም እንዲያመቻቹ ጠይቋል፤ ቶር ስታስይዙ «በአማርኛ የሚያስተረጉም እፈልጋለሁ» በሉ። ቁፓት ሖሊሙ እምቢ ካለ ወይም መልስ ካልሰጠ፣ በጤና ሚኒስቴር የጤና መድን ሕግ አቤቱታ ተቀባይ አለ። ወደ ቆል ሀብሪኡት በኮከብ 5400 ስትደውሉ ያስቀመጣችሁትን ኮፒ በእጃችሁ ያዙ።