ጀልባ ላይ የቀረሁባት ደሴት፦ ስለ ጣና ዕቃ ቤቶችና ስለ መዝገብ

መግቢያ

ደሴት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በፊልም ያየነው የግሪክ ባሕር ዳርቻ ነው። እኔ ግን ደሴት ያየሁት ጣና ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የመስክ ጉዞ ነበረን። ከቤተሰቦቼ ዘንድ ከደብረ ወርቅ ተነሥቼ፣ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ገብቼ ከጓደኞቼ ጋር ተገናኘሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዞውን ለመተረክ ሳይሆን በዚያ ቀን የገባኝን አንድ ነገር ለማካፈል ነው።

ክብራን ገብርኤል

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉት የሚነገርለት ሐይቅ ነው። ዳርቻው የመዋኛ አይደለም፤ ደንገል ይበዛዋል፣ ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዝያም ያሰጋል። ጎብኚ የሚሄደው ለገዳማቱና በየዕቃ ቤቱ ላለው ቅርስ ነው።

መጀመሪያ የደረስነው ክብራን ገብርኤል ነበር። በገዳሙ ሥርዓት ሴት ወደ ደሴቱ አትወጣም። ሥርዓቱን አውቃለሁ፣ አከብራለሁም፤ ቢሆንም ጀልባ ላይ መቅረት ሆድ ያስብሳል። "አይዞሽ እህቴ፣ ሲመለሱ ይነግሩሻል" አለኝ ባለ ጀልባው።

ተመለሱ፣ ነገሩንም። አንዱ ባለ ሥዕል ብራና አየሁ አለ። ሌላው "ኧረ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ነው" አለ። ሦስተኛው ዘውድ አየሁ ሲል አራተኛው አልነበረም ብሎ ተከራከረው። ብራናው የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተጻፈ ማስታወሻ የያዘ አንድም አልነበረም። ለካ የወጡትም አላዩም!

በኋላ ሳነብ የባሰ ነገር አገኘሁ። ኧርነስት ሐመርሽሚት የተባሉ ምሁር የክብራንን ብራናዎች አንድ በአንድ ዘርዝረው እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመንኛ አሳትመዋል። እኔ ደሴቱ ሥር ቁጭ ብዬ ያላወቅሁትን ጀርመን አገር ያለ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ ያነበዋል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘጌ ተሻገርን። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ስለምትገባ በቡናው ዛፍ ጥላ ሥር ወጥቼ ሥዕሉንም ሙዚየሙንም አየሁ። ደብተሬን ከእጄ አላወጣሁም።

ፍጥሞ

ወደ ግሪክ እንመለስ። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ ዛሬ የግሪክ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም መነኮሳት አሉበት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብራናዎቹ በዝርዝር ታውቀዋል፤ ከንዋየ ቅድሳቱም የተመረጠው ለወንድም ለሴትም በሙዚየሙ ይታያል። ለመዋኘት የመጣው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ያየዋል። ገዳምነትና ሙዚየምነት እንግዲህ አይጣሉም።

የአጎቴ ጥያቄ

ወደ ደብረ ወርቅ ስመለስ ይህን ሁሉ ለአጎቴ አወራኋቸው፤ መሪጌታ ናቸው። ዝም ብለው ሰምተው "ልጄ፣ የተጻፈ ይታወቃል፤ የታወቀ ይሰረቃል" አሉኝ። ቀላል ክርክር አይደለም። አባቶች ቅርሱን እስከዛሬ ያቆዩት በመደበቅም ጭምር ነው።

የኔ መልስ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰረቀ፣ በ2001 ተመለሰ። የታወቀ ስለነበረ ተሰረቀ ቢባል እንኳ፣ የእኛ ነው ብሎ ለመጠየቅ ያስቻለውም መታወቁ ነው። ስሙም መልኩም ያልተመዘገበ ዕቃ ከወጣ ግን በምን ምልክት እንጠይቀዋለን? "እሱስ እውነት ነው" አሉ አጎቴ፤ "ግን የት እንደተቀመጠ አትጻፊ።"

ማጠቃለያ

የአጎቴን ማስጠንቀቂያ ተቀብዬ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ይበቃል እላለሁ፦ ስሙ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኩ፣ ማን እንደሰጠው፣ ዘመኑና ዘመኑ በምን እንደታወቀ፣ የደረሰበት ጉዳት። የተቀመጠበት ቦታ አይጻፍ። ሥራው በአባቶች ፈቃድ ይሁን፤ አንዱ ቅጂ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ይቅር።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ለእረፍት አገራችሁ ስትገቡ አጥቢያችሁን ጠይቁ። አምስት ዕቃ ብትመዘግቡ እንኳ፣ ጀልባ ላይ ለቀረች እህታችሁ የምትነግሯት እውነተኛ ነገር ይኖራችኋል።