መሬት፣ ውሃና ኑሯችን

መሸንቲ ለማስተማር የመጣን ሰሞን አንድ ነገር አልገባን አለ። ቤቱ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ነው፤ ውሃው ግን ታች ነው። «ውሃ ተሸክማችሁ አቀበት ከምትወጡ ለምን መስኩ ላይ ቤት አትሠሩም?» ብለን ጠየቅን። አንዲት እናት ሳቁና፣ «ልጆቼ፣ ይህን ክረምት ሲገባ ጠይቁን» አሉን። ክረምቱ ገባ። መስኩ ላይ ውሃ ተኛበት። ያኔ መልሱን ሳንጠይቅ አገኘነው። ልናስተምር መጥተን እኛው ተማርን።

ውድ አንባቢያን! ሰው ቤቱን የት እንደሚሠራና ምን እንደሚዘራ ሲወስን መሬቱን፣ ውሃውንና አየሩን ያያል። ጣና ዙሪያን እንመልከት።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አካባቢው ወይና ደጋ ነው። በመሸንቲ በኩል ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ይዘራል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው ፎገራ ግን ሜዳ ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል። ስለዚህ ገበሬው ሩዝ ይዘራል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። የዘጌ ሰው ከደን ጥላ ሥር ቡና ይለቅማል። ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሠራል። ሐይቁ አንድ ነው፤ ኑሮው ግን ልዩ ልዩ ነው።

ታዲያ ሰው ለመሬቱ ታዛዥ ብቻ ነው? አይደለም፤ እሱም መሬቱን ይለውጣል። መራዊ አጠገብ የቆጋ ወንዝ ተገድቦ 7,000 ሄክታር ያህል በመስኖ እንዲለማ ተደርጓል። ይህ መልካም ለውጥ ነው።

ክፉ ለውጥም አለ። ክረምት ግልገል ዓባይን አይታችሁታል? ውሃው ደፍርሶ ቀይ ይሆናል። ያ የገበሬው አፈር ነው። ተዳፋት መሬት ቁልቁል ሲታረስ ትልሙ የጎርፍ መንገድ ይሆናል። አፈሩ ጣና ይገባል። ጣና ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ከማሳ የታጠበው ፍግና ማዳበሪያ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ ያፋፋል። እምቦጩም የዓሣ አጥማጁን መረብና ጀልባ ይይዛል። እኛ ማሳችን ይራቆታል፤ እሱ እንጀራው ይቀርበታል። ጉዳቱ የሁለታችንም ነው።

ስለዚህ ተዳፋቱን አግድም እንረስ። ፈሰስ ስናወጣም ቀጥ አድርገን ቁልቁል አንልቀቀው። እርከን እንሥራ፤ ዳሩን ሣር እንትከልበት።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ዝናብ ሲዘንብ ከታረሰ ማሳ የሚወርደውን ውሃ በአንድ ብርጭቆ፣ ከሣር ሜዳ የሚወርደውን በሌላ ብርጭቆ ቅዱ። አሳድሩና ጧት ከሥሩ የዘቀጠውን አወዳድሩ።

ጥያቄዎች
1. የፎገራ ገበሬ ሩዝ የሚዘራው ለምንድን ነው?
2. የማሳችሁ ጎርፍ ወርዶ የሚገባው የትኛው ወንዝ ነው?
3. ከሁለቱ ብርጭቆዎች ብዙ አፈር የዘቀጠው በየትኛው ነው? ለምን?