ሽፋኑ የሚበላው ቀለም፤ ባለፒክአፑ የማይመዘግበው ወጪ

ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ ከሂርና፣ ከበዴሳና ከገለምሶ ጫት ጭነው የሚወጡ መኪኖች ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ። ጫት ትኩስነቱ ካለፈ ዋጋው ይወድቃልና የሾፌሩ ሐሳብ መንገዱ ላይ፣ የባለንብረቱ ሐሳብ ደግሞ ነዳጁና ጎማው ላይ ነው። ጭነቱን ከፀሐይና ከዝናብ እንዲከላከል በፒክአፑ የጭነት ሳጥን ላይ የተቀመጠው ሽፋን ከሥሩ ያለውን ቀለም ቀስ በቀስ ሲፍቅ የሚያስተውል የለም። ጉዳቱ የሚገለጠው መኪናው ለሽያጭ ቀርቦ ገዢው ሽፋኑን ያስነሳ ዕለት ነው።

ችግሩ የፒክአፕ ብቻ አይደለም። ጣሪያቸው የሚነሳ አሮጌ ሱዙኪዎችና ላንድሮቨሮችም ይጋሩታል። በውጭ አገርም ማዝዳ ኤም ኤክስ 5ን የመሰሉ ክፍት መኪኖች ያሏቸው ሰዎች ለክረምት የሚገጥሙት ጠንካራ ጣሪያ የኋላውን ቀለም እንዳይበላባቸው መከላከያ ይለጥፋሉ። ልዩነቱ እዚያ ጉዳዩ የውበት ሲሆን በምዕራብ ሐረርጌ ግን የእንጀራ ጉዳይ መሆኑ ነው።

ቀለሙ ለምን ይላጣል?

የአንድ መኪና የፋብሪካ ቀለም ከፀረ ዝገቱ ጀምሮ እስከ ላይኛው ግልጽ ቫርኒሽ ድረስ ተደራርቦ ውፍረቱ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከአንድ ሉክ ወረቀት ብዙ የማይበልጥ ነው። የላይኛው ቫርኒሽ ብቻውን ሲለካ ደግሞ ከ0.05 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም።

በዚህ ስስ ልባስ ላይ ሦስት ነገሮች ይተባበራሉ፤ ክብደት፣ ንዝረትና አቧራ። ከሦስቱ ዋናው ጠላት አቧራው ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት፣ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን፣ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ከ10 ላይ 7 የሚያገኝ ሲሆን ከተለመደ የቢላዋ ብረት እንኳ ይጠነክራል። በሽፋኑና በቀለሙ መካከል ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ሲወረድ ሙቀትና አቧራ አለ፤ ማታ ወደ ደጋው ሲመለሱ ደግሞ ብርድና ጤዛ። ቀን የተፋቀው ብረት ማታ ይረጥባል ማለት ነው። ዝገት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ባለንብረቶች ለመፍትሔ ብለው የሚያደርጉት ነገር ጉዳቱን ሲያብስ ይታያል። ምንጣፍ ወይም ጆንያ ከሽፋኑ ሥር ማንጠፍ ለጊዜው ድምፁን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጨርቅ አሸዋ ይይዛል፣ ውሃም ይመጥጣል። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ነጭ ቀለም ላይ ጥቁር እድፍ ይተዋል። ጎማውን ለማለስለስ የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ መቀባትም ስህተት ነው። ዘይት የተፈጥሮ ጎማን አሳብጦ ያበላሸዋል፣ አቧራንም ይሰበስባል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሽፋኑ የሚያርፍበት የሳጥኑ ከንፈር በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ከዚያ ፊልም የሚባለው ግልጽና ወፍራም ተለጣፊ ፕላስቲክ ይለጠፍበት። ለዚሁ ሥራ የተሠራው ፊልም ውፍረቱ ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በቀለሙ ፈንታ የሚፋቀው እርሱ ነው፤ ሲያልቅ ተነስቶ ይቀየራል። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፕላስተር ግን ምትክ አይሆንም። ፀሐይ ሙጫውን ታደርቀዋለች፣ ሲነሳም ቀለሙን ይዞ ይወጣል። አዲስ የተቀባ መኪና ከሆነ ቀለሙ እስኪጠና ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በሽፋኑ ከንፈር ሥር ውሃ የማይመጥጥ ስፖንጅ ጎማ ዙሪያውን ይለጠፍ። ብረት ብረትን በቀጥታ መንካት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ብሎኖቹ በትክክል ይጥበቁ። የላላ ሽፋን በየጉድጓዱ ስለሚንሸራተት ከጠበቀው ይልቅ ይጎዳል። ሽፋኑ በተገጠመ ቀን ጥቂት ከተነዳ በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ይገባል።

አራተኛ፣ ሽፋኑ በሰው ይነሳ እንጂ አይጎተት። ዛሬ ጫት፣ ነገ ፍየልና በግ የሚጭን መኪና ሽፋኑ በተደጋጋሚ ይወርዳል ይወጣል። ሲወርድ መሬት ላይ ሳይሆን አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥ፤ ከመመለሱ በፊት ሁለቱም ከንፈሮች ይጠረጉ።

አምስተኛ፣ ገመድ ቀለም ላይ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ቁራጭ የውሃ ጎማ ይልበስ። አሸዋ የጠጣ ገመድ መጋዝ ነው።

ብረቱ አስቀድሞ ከተገለጠስ? ፊልም መለጠፍ ዝገቱን ሸፍኖ ማሳደግ ይሆናል። በመጀመሪያ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይውጣ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ ቀለም ይድገምበት።

ሒሳቡ

የመኪናው ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚያስበው የጋራዡን ክፍያ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ትልቁ ወጪ መኪናው ቆሞ የሚያልፈው ቀን ነው። ለምሳሌ አንድ ፒክአፕ በቀን የተጣራ 3,000 ብር ያስገባል እንበል። ለላሜራና ለቀለም ሥራ 6 ቀን ጋራዥ ቢውል ባለንብረቱ ለባለሙያው ገና አንድ ብር ሳይከፍል 18,000 ብር አጥቷል። ሽፋኑን አንስቶ ማጠብና ፊልም መለጠፍ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የመኪናው የመሸጫ ዋጋም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በእንዲህ ያለ ገበያ አገር ውስጥ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ራሱን የቻለ ኢንቨስትመንት ነው።

ለገዢና ለደላላ

ሽፋን ያለው ፒክአፕ ሽፋኑ ሳይነሳ ዋጋ አይቆረጥለትም። ከተነሳ በኋላ የሳጥኑን ከንፈር በተለይም አራቱን ማዕዘኖችና የብሎኖቹን ቀዳዳ ዙሪያ ማየት ይገባል። ቀለሙ አብጦ ከታየ ከሥሩ ዝገት ሊኖር ይችላል። በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ይዞ መሄድም ይጠቅማል። ላሜራው ላይ የማትይዝ ከሆነ ወፍራም ስቱኮ መኖሩን ትመሰክራለች። ሻጩም ቢሆን ጉድለቱን አስቀድሞ ቢናገር ይሻለዋል። ገዢ ራሱ ያገኘውን አንድ ጉድለት የሚተረጉመው ለሌላ አሥር ጉድለት ምልክት አድርጎ ነውና።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በአንድ ሜትር ፕላስቲክና በአንድ ባልዲ ውሃ የሚድነውን ቀለም ዝገት እስኪወርሰው መጠበቅ ከነጋዴ አይጠበቅም።