የኋላ ጎማ የፍሬን ታምቡር አፈታት

በድርቅ ጊዜ የእርዳታ እህል በትልልቅ የጭነት መኪናዎች እስከ ወረዳው መጋዘን ይደርሳል። ከመጋዘኑ ወዲያ ባለው ጠባብና ወጣ ገባ መንገድ ግን ዘሩንም፣ መድኃኒቱንም፣ የጤና ሠራተኛውንም የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ አሮጌ ፒክ አፕ ነው። የዚህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ የኋላ ፍሬን በአመዛኙ ባለ ታምቡር ነው፤ ማለትም ሸራ የለበሱ ሁለት ጫማዎች ከጎማው ጋር በሚዞር የብረት ከበሮ ውስጥ ተከፍተው ግድግዳውን በመግፋት ያቆሙታል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሾፌር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ጣርማ በር ተነሥቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ቁልቁለቱን በማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ ከወረደው ታምቡሩ በሙቀት እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ሸራው አስቀድሞ ያለቀ ከሆነ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። ይህን ለማወቅ ታምቡሩን ከመፍታት የተሻለ መንገድ የለም።

በ2008 ዓ.ም. ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ በሚሻበት ወቅት፣ ከወሎ የተመለሰ አንድ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ በዝናብ የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ለቀናት ቆመ። (ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሳይፈርስ ነው።) ሊነሣ ሲል የኋላ ግራ ጎማው አልዞር አለ። የተጠራው መካኒክ ጎማውን አውልቆ ታምቡሩን በትልቅ መዶሻ ይቀጠቅጥ ጀመር። እኔም ቆሜ እመለከት ነበር፤ አለመከልከሌ ዛሬም ይቆጨኛል። ታምቡር ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት በመሆኑ አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። የሆነውም ይኸው ነው።

መዶሻው ያልረዳበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሸራው የታምቡሩን ውስጥ ለዓመታት ሲፍቅ ጎድጓዳ መስመር ያበጃል፤ በጠርዙ በኩል ያልተነካ ከንፈር ይቀራል። ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው መሣሪያ ጫማዎቹን ወደ ጎድጓዳው ስለሚገፋቸው፣ ታምቡሩ ሲሳብ ከንፈሩ በጫማዎቹ ይያዛል። ስለዚህ አስቀድሞ ጫማዎቹን ማላላት ያስፈልጋል።

ሥራው በደልዳላ መሬት ይከናወን። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ፤ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ ሽቦው ዝጎ ያልተመለሰ እንደሆነም ይታይ። የጎማው ዳዶዎች መኪናው ሳይነሣ ይላሉ። በክሪክ ከተነሣ በኋላ አክሱሉ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያሳጣል። ጎማው ሲወልቅ በሃይሉክስ ታምቡር ፊት ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ይታያሉ። ባለ 8 ሚሊሜትር ሁለት ቡሎኖች በእነዚህ ገብተው ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ሲጠብቁ ታምቡሩን ወደ ውጭ ይገፉታል። እንቢ ካለ ቡሎኑን ማስጨነቅ አይገባም። ከኋላ ባለው ሳህን ላይ ያለው የጎማ ውታፍ ተነቅሎ፣ በአንድ ቀጭን ካቻቢቴ የማስተካከያው ምላስ ገፋ ተደርጎ ይያዛል፤ በሌላው ጥርሳሙ ጎማ እየዞረ ጫማዎቹ ይሰበሰባሉ። (ካቻቢቴም ሆነ ፍሬን ጣሊያንኛ ናቸው፤ የፒያሳ ስምም እንደዚሁ።) ዝገት ያጣበቀውን በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን በቀስታ መምታት ይበቃል።

በውስጥ የሚገኘውን አቧራ በአፍም ሆነ በአየር ግፊት መንፋት ክልክል ነው። የቆየ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ይገባል። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የደረሰ ሸራ ይለወጥ፤ በትንሹ የጎማ ፓምፕ ዙሪያ እርጥበት ከታየ ዘይት ያፈስሳል ማለት ነው። የታምቡሩ የመጨረሻ ስፋት በራሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ መበተን አይመከርም፤ የሞላዎቹ አቀማመጥ ቢረሳ ያልተፈታው ጎን ምስክር ይሆናል።

ለዶሮ ማነቂያው መኪና ሁለት ያገለገሉ ታምቡሮች ከሶማሌ ተራ ተገዙ፤ ሸራውም በሁለቱም ጎን ተለወጠ። ፔዳሉ ደጋግሞ ተረግጦ እስኪጠነክር ከተጠበቀ በኋላ በዝግታ ተሞከረ፤ በአራተኛው ቀንም ዘሩን ጭኖ ወደ ደሴ ተነሣ።