ወደ ላብራቶሪ የሚላክ ሕመምተኛ፣ ወደ ሐኪሙ የሚመለስ ፖስታ



ባለፈው ወር ከጥያቄ ሳጥናችን አንዲት አጭር ወረቀት አገኘን። ጸሐፊው የጤና ተማሪ ነው። ለተግባር ልምምድ በወጣበት አንድ የግል ክሊኒክ፣ ሐኪሞች ሕመምተኛን ወደ አንድ ላብራቶሪ ሲልኩ በወሩ መጨረሻ በላኩት ሰው ቁጥር ልክ ብር በፖስታ ይመጣላቸዋል። «ምርመራው አስፈላጊ ከሆነ፣ ዋጋውም ከሌላው ቦታ ካልበለጠ፣ ብሩ ምኑ ላይ ነው ሐራም የሚሆነው?» ይላል። መልሱ ቀላል መስሎን ነበር፤ ሁለት ደርስ ወሰደብን።

በመጀመሪያ፣ በሕክምና ገንዘብ ማግኘት ነውር የለበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሒጃማ ለሠራላቸው ለአቡ ጠይባ ዋጋውን ከፍለዋል። ሰሓቦች መንገድ ላይ ሳሉ ጊንጥ የነደፈውን የአንድ ጎሳ አለቃ ፋቲሓ ቀርተውበት በጎች ተቀብለው ሲመለሱም ድርጊታቸውን አጽድቀውላቸዋል። ፉቀሃዎች ከዚህ ተነስተው ለሥራው የሚከፈለውን ኢጃራ፣ ለውጤቱ የሚከፈለውን ጁዓላ ብለው ለያይተዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ሐኪም ይከፈለው ወይ» አይደለም፤ ማን ይክፈለው፣ ለምንስ ይክፈለው ነው።

በደርሱ ላይ አንድ ወንድም «ይህ እኮ የደላላ ክፍያ ነው፤ ድለላ ደግሞ ሐላል ነው» አለ። ጥሩ ሙግት ነው፤ ግማሹን ደርስ የበላውም እሱ ነው። ነገር ግን ደላላን ደላላ መሆኑን አውቀን ነው የምንቀርበው፤ ቤት ሲያሳየን ከአከራዩም እንደሚቀበል እናውቃለን። ሕመምተኛ ግን ሐኪሙን የራሱ ወኪል አድርጎ ነው የሚያየው። ወኪል ደግሞ የወከለው ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ከሌላው ወገን ገንዘብ አይቀበልም። ስንት ምርመራ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ያው ሐኪም ነው፤ ሕመምተኛው ውሳኔውን መመዘኛ የለውም። «ምርመራው አስፈላጊ ከሆነ» የሚለው የወንድማችን ቅድመ ሁኔታም የሚላላው እዚሁ ላይ ነው።

ኢብኑል ሉትቢያ የተባለው ዘካ ሰብሳቢ ተመልሶ መጥቶ፣ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ግን ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው ባለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበር ጠይቀዋል። ሰውየው ከዘካው ሰርቋል አላሉም። የሚመዘነው ስጦታው ያለ ሹመቱ ይመጣ ነበር ወይ በሚለው ነው። የላብራቶሪውም ፖስታ ያለ ሐኪሙ ብዕር አይመጣም።

ኒያስ? እዚህ ላይ የአሜሪካን ሕግ ማየት ጠቀመን። ሁለት የተለያዩ ሕጎች አሏቸው። በመንግሥት የጤና መርሐ ግብሮች የሚታከም ሰው ስለተላከ ገንዘብ መስጠትንና መቀበልን የሚከለክለው አንዱ ወንጀለኛ ለማለት አውቆ ማድረግን ይጠይቃል፤ ማለትም ኒያን ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና በምክር ቤት አባሉ በፒት ስታርክ ስም የሚጠራው ሁለተኛው ግን ኒያን አይጠይቅም። ሐኪሙ ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ከላብራቶሪው ጋር የገንዘብ ግንኙነት ካለው፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የሜዲኬር ሕመምተኛን ወደዚያ መላክ አይችልም። በ1993 ክልከላው ከላብራቶሪ አልፎ ወደ ራጅና ሌሎች አገልግሎቶች ሰፋ። ልዩ ሁኔታዎቹ ግን በጣም ብዙ ከመሆናቸው የተነሳ ሕጉ የጠበቆች እንጀራ ሆኗል፤ ያንን አንመኝም።

ለእኛ ለምህንድስና ተማሪዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኮንክሪቱን የሚሞላው ተቋራጭ ነው፤ የ28 ቀኑን የጥንካሬ ውጤት አይቶ የሚያጸድቀው አማካሪ መሐንዲስ ነው። አማካሪው በየኩቡ ከተቋራጩ ብር ቢቀበል፣ ምንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን፣ በዚያ ሕንፃ ላይ ማን ይተኛል?

አብዛኞቻችን የቀራነው የሻፊዒ መዝሀብ ለዉሉ ውጫዊ ገጽታ ትልቅ ቦታ ይሰጣል፤ ወደ ሐራም የሚያደርስን መንገድ አስቀድሞ በመዝጋት (ሰዱ ዘራኢዕ) ይበልጥ የሚታወቁት ማሊኪዮች ናቸው። በዚህ ጉዳይ ግን ወደ ማሊክ መሄድ እንኳ አላስፈለገንም፤ የውክልናው ሕግ ራሱ ይበቃል።

በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሕክምና ውል የራሱ አንቀጾች አሉት፤ በሐኪሞቹና በረዳቶቻቸው ጥፋት ለደረሰ ጉዳትም የሕክምና ተቋሙን ኃላፊ ያደርጋል። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ግን ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው የሚሠራው። አላስፈላጊ የደም ምርመራ ማንንም አይገድልም፤ አንድ የቀን ሠራተኛ አባት የሳምንት ደሞዙን ያጣል እንጂ። እሱ ደግሞ ፍርድ ቤት አይሄድም።

አንዲት እህት ያነሳችው ጥያቄ ቀረ። አንድ ሐኪም ብቻ ባለባት የገጠር ከተማ፣ ላብራቶሪውም የእሱ ቢሆንስ? ሕመምተኛው ሌላ የሚሄድበት የለውም። የስታርክ ሕግም ለገጠር ልዩ ሁኔታ አለው። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሻጭ የዕቃውን ዐይብ እንዲናገር ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፣ ሐኪሙም ላብራቶሪው የእሱ መሆኑን ከምርመራው በፊት ይናገር፤ ዋጋውንም ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ለወንድማችን ደግሞ የመለስንለት፦ ልምምድ ላይ ሳለህ ፖስታ ቢሰጡህ አትቀበል፤ አስቀድመህ ተቀብለህ ከሆነም የማንን ብር እንደያዝክ አስብ፤ የላብራቶሪው ሳይሆን የሕመምተኞቹ ነው፤ የምታውቃቸው ካሉ መልስላቸው።