«ልጆቹ ትምህርታቸውን ይጨርሱና…»



ውድ አንባቢያን! ክረምት በመጣ ቁጥር ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከአውሮፓ የሚመጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በየሰፈራችን ይታያሉ። በመርካቶም ሆነ በኮልፌ ወይም በቤተል በየሰርጉና በየሐዘን ቤቱ አብረናቸው እንቀመጣለን። ጨዋታው ከጤናና ከኑሮ ውድነት ይነሣና መድረሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «ለመሆኑ መቼ ነው ጠቅልላችሁ የምትገቡት?» ተብለው ሲጠየቁ መልሱ ከአፋቸው ለመውጣት ጊዜ አይወስድበትም፤ «ኢንሻአላህ፣ ልጆቹ ትምህርታቸውን ይጨርሱና!»

እኔም በሥራዬና በዝምድና ምክንያት ይህችን ዓረፍተ ነገር ለብዙ ዓመታት ስሰማት ኖሬያለሁ። የሚሏት ሰዎች ለማስመሰል የሚናገሩ አይደሉም፤ ናፍቆታቸው እውነተኛ ነው። የፈጅር አዛን ሲሰሙ እንባ የሚቀድማቸውን፣ የእናታቸውን ቡና ለመጠጣት የአውሮፕላን ትኬት በብድር የገዙትን አውቃለሁ። ልጅን ማስተማር የወላጅ አደራ ነው፤ አገርን መናፈቅም ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱን የሚያያይዘው «ይጨርሱና» የሚለው ቃል ቀን የለውም። የዛሬው ትምህርታችንም በዚህ ቀን በሌለው ቀጠሮ ላይ ያተኩራል።

ሒሳቡ ሲሠራ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አባት በ35 ዓመቱ የዲቪ ዕጣ ደርሶት ከባለቤቱና ከ4 ዓመት ልጁ ጋር አሜሪካ ገባ እንበል። እዚያም ሁለት ልጆች ተጨመሩ፤ የመጨረሻዋ የተወለደችው በገቡ በ6ኛው ዓመት ነው። ትልቁ ልጅ በ18 ዓመቱ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ አባት 49 ዓመቱ ነው። ትንሿ ግን ያን ጊዜ ገና የ8 ዓመት ልጅ ናት። እሷ 12ኛ ክፍልን ስትጨርስ አባት 59 ይሞላዋል። «ዩኒቨርሲቲውንም ብታጠናቅቅ» ከተባለ 4 ዓመት ተጨምሮ 63 ይደርሳል።

በዚህ ጊዜ ሌላ ቀጠሮ ብቅ ይላል። በአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1960 ወይም ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ሙሉ ጡረታ የሚከበረው በ67 ዓመቱ ነው። «አራት ዓመት ለቀረው ነገር!» ይባልና ይቆያል። በ67 ዓመቱ ደግሞ የልጅ ልጅ ተወልዷል። የጡረታውን ገንዘብ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ውጭ አገር ሆኖም ሊቀበል ይችላል፤ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የሕክምና መድን ግን በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ ስኳርና ደም ግፊት የያዘው ሽማግሌ ሐኪሙን ትቶ ለመምጣት ይፈራል። ለትምህርት ተብሎ የተጀመረው ቆይታ በሐኪም ይቀጥላል ማለት ነው። ሰውዬው አንድም ቀን «አልመለስም» ብሎ ሳይወስን 32 ዓመት አለፈ።

የዚህ መንገድ መጨረሻም የሚታወቅ ነው። ሟችን ፈጥኖ መቅበር በእኛ ዘንድ ሱና በመሆኑ ሙስሊም በአብዛኛው የሚቀበረው በሞተበት አገር ነው። ሌሎች ወገኖቻችን በሕይወት ያልሆነላቸውን መመለስ አንዳንድ ጊዜ አስከሬናቸው ይፈጽምላቸዋል። ለእኛ ግን ይህም እምብዛም አይሆንም። ካሰብን፣ ማሰብ ያለብን በሕይወት ሳለን ነው።

ሳይፈርም ባለዕዳ የሆነው ልጅ

ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ግን የልጁ ነገር ነው። «እኛ እኮ እዚህ የቀረነው ለእናንተ ስንል ነው» የሚለውን ቃል እየሰማ የሚያድግ ልጅ፣ የወላጆቹ ናፍቆት ሁሉ በእሱ ሒሳብ ላይ እንደ ተጻፈ ይቆጥረዋል። አባቱ በሥራ ሲደክም፣ እናቱ በስልክ የእህቷን መርዶ ሰምታ ስታለቅስ ጥፋተኛው እሱ ይመስለዋል። ውሉን ግን ማንም አላማከረውም፤ አልፈረመበትምም።

ዓመታት አልፈው ዲግሪውን ሲይዝ ደግሞ ሥራው እዚያ፣ ትዳሩም እዚያ ይሆናል። «እንግዲህ መሄድ ትችላላችሁ፤ እኔ አልያዝኳችሁም» ሲላቸው ወላጆች ይደነግጣሉ። ልጁ ያጠፋው ነገር የለም። እነሱ ግን «ልጆቹ ይጨርሱና እንገባለን» ሲሉ በልባቸው «ከልጆቻችን ጋር እንገባለን» ማለታቸው ነበር። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ለራሳቸውም ሆነ ለልጆቻቸው ነግረው አያውቁም።

የወላጆችን ፍርሃት ማቃለል ግን ተገቢ አይደለም። እዚህ አገር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። በእንግሊዝኛ ሥርዓተ ትምህርት ያደገን ልጅ 11ኛ ክፍል ላይ አምጥቶ እዚህ ፈተና ፊት ማስቀመጥ ልጁን መበደል ነው። ስለሆነም «ነገውኑ ጠቅልላችሁ ኑ» ማለት ምክር አይሆንም። ምክሩ፣ ቀኑን እናንተ ቁረጡት የሚል ነው።

ቀኑን ሌላ ሲቆርጠው

ሰው ራሱ ቀን ካልቆረጠ ምን እንደሚሆን በሳዑዲ ዐረቢያ ታይቷል። ከሐምሌ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሳዑዲ መንግሥት በውጭ አገር ሠራተኞች ቤተሰብ ላይ ክፍያ ጣለ። በአንድ ሰው በወር 100 ሪያል ተብሎ ተጀመረና በየዓመቱ መቶ መቶ እየጨመረ በ2020 እ.ኤ.አ. 400 ሪያል ደረሰ። ሚስትና አራት ልጆች ያሉት ሰው በመጀመሪያው ዓመት 6,000 ሪያል ይጠየቅ የነበረው፣ በአራተኛው ዙር በዓመት 24,000 ሪያል ይጠየቅ ጀመር። በዝቅተኛ ደሞዝ ለሚተዳደር ሾፌር ወይም የሱቅ ሠራተኛ ይህ የማይቻል ነው።

በዚህም ምክንያት በጂዳና በሪያድ ለብዙ ዓመታት የኖሩ በርካታ የውጭ አገር ቤተሰቦች ተበተኑ። እናትና ልጆች ወደ አገራቸው ተላኩ፤ አባት ገንዘብ ሊልክ ብቻውን ቀረ። «ልጆቹ ይጨርሱና» ሲሉ የነበሩትም ልጆቻቸውን ከክፍላቸው መካከል አውጥተው ለመላክ ተገደዱ። በጂዳ ቀጠሮው በድንገት ተቆረጠ፤ በዋሽንግተን ደግሞ መቆረጫ አጣ። ሁለቱም ቤተሰቦች ግን አስቀድመው ቀን ባለመቁረጣቸው ተመሳሳይ ናቸው።

ከሐበሻ የተመለሱት ልጆች

ለዚህ ጉዳይ ከራሳችን ምድር የበለጠ ምሳሌ የት እናገኛለን? ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በተላኩ በ5ኛው ዓመት ሰሓቦች ወደ ሐበሻ መሰደዳቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ግን እነዚህ ስደተኞች ወላጆችም እንደ ነበሩ ነው። የጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ዐብደላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው እዚህ ነው። የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ ኡሙ ኻሊድም የተወለደችው በሐበሻ ነው። ጃዕፈርና ጓዶቹ የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ድል ሰሞን ነበር። ልጆቻቸው ወላጆቻቸው «አገራችን» የሚሉትን ምድር አይተውት አያውቁም ነበር ማለት ነው።

ሲደርሱ ምን ገጠማቸው? ቡኻሪ እንደ ዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ.) ለአስማእ «በሂጅራ ቀድመናችኋል» የሚል ቃል ተናገሯት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከመልክተኛው ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ሲያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ሲያስተምሩላችሁ እኛ በሩቅ አገር፣ በሰው ምድር ነበርን ብላ ተከራከረች። ጉዳዩንም ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረበች። እሳቸውም ለእነ ዑመር አንድ ሂጅራ፣ ለእናንተ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አላችሁ ሲሉ ፈረዱላት። ዛሬም ከውጭ ለተመለሰ ሰው «እኛ እዚህ ስንቸገር አንተ የት ነበርክ?» የምንል ሰዎች ይህን ፍርድ ብናስታውስ መልካም ነው።

የኡሙ ኻሊድ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጌጥ ያለበት ትንሽ ጥቁር ልብስ መጣላቸው። ለማን ይሁን ብለው ጠይቀው፣ ይህችን ትንሽ ልጅ አስጠሯት። በእጃቸው አለበሷት፤ ለብሳ እንድትጨርሰውም ዱዓ አደረጉላት። ከዚያም ወደ ልብሱ ጌጥ እያመለከቱ በሐበሻ ቋንቋ «ሰና!» አሏት፤ ያምራል ማለታቸው ነው። ለእኛ «ሠናይ» የሚለው የግእዝ ቃል እንግዳ አይደለም።

አስተውሉ! ከስደት የመጣችን ሕፃን የተቀበሏት በተወለደችበት አገር ቃል ነው። «ዐረብኛሽ ይሰባበራል» ብሎ የሳቀባት ሰው አልተነገረንም። እኛ ግን ከአሜሪካ የመጣ የእህታችን ልጅ አማርኛው፣ ኦሮምኛው ወይም ስልጥኛው ሲሰናከልበት ዘመድ ተሰብስቦ ይስቅበታል። ልጁም በሚቀጥለው ክረምት «አልሄድም» ይላል። ወላጆቹ የሚጠብቁት መመለስ እዚያ የሳቅ መድረክ ላይ እንደሚሞት ልብ አንለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቀን ይቆረጥ፤ ይጻፍም። በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) እስከ ተወሰነ ጊዜ የምንበዳደረውን ዕዳ እንድንጽፍ አዟል። ይህ አንቀጽ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ነው። የጥቂት ሺህ ብር ዕዳ ጊዜው ተወስኖ ይጻፍ ከተባለ፣ የአንድ ቤተሰብ ዕድሜ ያለ ቀን ሲንሳፈፍ መኖሩ ተገቢ ነውን? ባልና ሚስት ተቀምጠው ዓመቱን ይጻፉት። ያልተጠበቀ ነገር ከመጣ ይለወጥ፤ ሲለወጥ ግን ለምን እንደ ተለወጠ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ቀኑ ከክፍል ጋር ይገናዘብ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ልጁ ከ9ኛ ክፍል በፊት ከመጣ የሚላመድበት ጊዜ ያገኛል። ያ ካለፈ 12ኛን እዚያው ቢጨርስ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚከፋው መካከሉ ነው። በዕድሜ የተራራቁ ልጆች ካሉ ደግሞ ሁሉን የሚያስደስት ቀን አይገኝምና የትኛው ልጅ ምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይታወቅ።

ሦስተኛ፣ ልጁ አገሩን በበጋም ይየው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በእኛ ክረምት ነው። ስለዚህ ልጁ የሚያውቃት ኢትዮጵያ ዝናብና ጭቃ፣ ሰርግና የተዘጋ ትምህርት ቤት ያለባት ብቻ ናት። ከተቻለ አንድ መንፈቀ ዓመት እዚህ ይማር፤ እኩዮቹን በመስክና በመድረሳ ያግኛቸው።

አራተኛ፣ ወረቀቱ ይዘጋጅ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ልጁም ጭምር፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ በሚባለው መታወቂያ ያለ ቪዛ ገብቶ መኖርና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ይህን ለልጁ በግልጽ መንገር ይገባል።

አምስተኛ፣ የማይመለስ «አልመለስም» ይበል። ልጁ እዚያ ብቻ የሚገኝ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ ወይም ኑሮው በእርግጥ እዚያ የተተከለ ወላጅ አለ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) መካን እጅግ እየወደዱ፣ ከተከፈተች በኋላ ወደ መዲና ተመልሰው እዚያው ኖሩ፤ እዚያው ዐረፉ። አገርን መውደድና ሌላ አገር መኖር አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ በግልጽ የወሰነ ሰው ቢያንስ ልጁን ከማያውቀው ዕዳ ነፃ ያወጣዋል፤ እዚያም ጎረቤት፣ መስጊድና የመቃብር ቦታ እንዳለው ሰው ተደላድሎ ይኖራል።

ለእኛ ለአገር ቤት ዘመዶችም ድርሻ አለን። «መቼ ነው የምትገቡት?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ልጆቻቸው ቢመጡ በየትኛው ቃል እንደምንቀበላቸው እንወስን። አንዲት «ሰና» ታህል ቃል ከ14 መቶ ዓመታት በኋላም አልተረሳችም።

ወላሁ አዕለም።